የስንሻው ትርጉም

ከቆጡ አወረድኩት፣ ያን የዘይት ቆርቆሮ፣
ክዳኑ የዛገ፣ በሽቦ ታስሮ።
ውስጡ ምን ነበረ? አራት የቆርኪ ጎማ፣
የማስቲካ ሥዕል፣ ቀለሙ የደማ፣
ክሩ የተፈታ ጥቁር ካሴት አንድ፣
ብል የተጫወተበት የመግቢያ ካርድ፣
ከሥር ደግሞ እሷ።
የላስቲክ አሻንጉሊት፤ ተመልጧል ራሷ፤
አንድ ዐይኗ ይከደናል፤ አንዱ እምቢኝ ብሎ
ያፈጣል ሠላሳ ዓመት ጨለማ ውስጥ ውሎ።

እጄ ተንቀጠቀጠ።
እኛ እኮ ቀብረናት ነበር።

ደብረ ሲና፣ ክረምት። ጉሙ ከጣርማ በር
ቁልቁል ሲንከባለል፣ ሰፈሩን ሲሰውር፣
ተሳቢው ፍሬኑን እያጨሰ ሲወርድ፣
ቆሎ ሻጮቹን በረንዳ ሲያስጠጋ ብርድ፣
የወንድይፍራው ቪዲዮ ቤት ጄኔሬተሩ ይነሣል፤
ሃምሳ ሳንቲም ያለው ይገባል፣ የሌለው በቀዳዳ ያያል።
በሩ ላይ የተሣለው ጭራቅ፣ በቤት ቀለም፣
ጥርሱ የአጥር እንጨት፣ ጣቱ ስድስት፤ ሠዓሊው ቆጥሮ አያውቅም።
እኔ የምወደው ያን ጭራቅ ነበረ፤
ፊልሙ ውስጥ የለም እኮ! ከየት ተፈጠረ?

ውስጡ እርጥብ ካፖርት፣ የእግር ሽታ፣ ናፍጣ።
አንዲት ቴሌቪዥን፣ ፊቷ የገረጣ።
ከጎኗ ስንሻው፣ በርጩማ ላይ ሆኖ
ይተረጉማል፣ ድምፁን ሲሻው አጎርንኖ፣ ሲሻው አቅጥኖ።

ያን ምሽት የመጣው የአሻንጉሊቷ ፊልም ነው።
እናትነሽን ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ አስገብቻታለሁ፤
ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ነው።
አሻንጉሊቷ ቆማ በሩን ትቧጥጣለች፣
በፈረንጅ አፍ አንድ ነገር ትላለች።
ስንሻው ዝም አለ።
ስንሻው ዝም ብሎ አያውቅም።
ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፦
«በረደኝ ነው የምትል። ክፈቱልኝ፤ በረደኝ።»
ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ።
መጨረሻውን ያየ የለም።

ቤት ስንደርስ፣ አጎታችን ከአሰብ ያመጣላትን
እናትነሽ አላቅፍም አለች፤ ዐይኗን ፈርታ፣ ያን አንዱን።
ጥላዬ ፈረደ፦ «ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ሳይነጋ ትቀበር!»
በማንኪያ ቆፈርን። ፍታት አነበብኩ፣ በማላውቀው ግእዝ፤
ጥላዬ ድንጋይ ጫነ። ካፊያው ያዝ ለቀቅ፣ ለቀቅ ያዝ።

አምና፣ ደብረ ብርሃን፣ በስልኬ ፊልሙን አገኘሁት።
አሁን ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ጆሮዬን ሰጠሁት።
ያቺ በር ላይ የቆመችው
«በረደኝ» አላለችም።
«አንድ በአንድ እጨርሳችኋለሁ» ነው ያለችው።
ከጀርባዋ የሚጎትታት ገመድ ሳይቀር ይታያል።
ሳቅሁ። ሳቄ ግን ሩቅ አልሄደም።

ስንሻው፣
ትምህርትህ ከሰባተኛ ክፍል ያልዘለለ፣
አልገባህም ነበር? ወይስ ገብቶህ፣
ከፊት ወንበር ያለነውን፣ እግራችን መሬት የማይነካውን አይተህ?
ወይስ ያን ክረምት የበረደህ አንተ ነበርክ?
ሰው ልኬ አስጠይቄ ነበር። ሸዋ ሮቢት ወረደ አሉ፤
ከዚያ ወዲያ ወሬህ የለም።

ዛሬ ለእናትነሽ ደወልኩ።
«አሻንጉሊቷን ማን አወጣት?» አልኩ።
ዝምታ። ከጀርባዋ የልጆቿ ጫጫታ።
«እኔ ነኝ። በማግስቱ፣ ጉሙ ሳይገለጥ።
ስንሻው በርዷታል ብሎ አልነበር?»
«አልፈራሽም?»
«እንዴት አልፈራ! እየፈራሁ ነው ያወጣኋት።»

መሸ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል።
ወደ ቆርቆሮዋ ልመልሳት ብዬ
ክዳኑን ነካሁት፤ ብረት ነው፣ ቀዝቃዛ።
ራስጌዬ አስቀመጥኳት፣ በሹራብ ጠቅልዬ።
መብራቱን ግን አላጠፋሁትም።